ባዶውን የቀረው ጆንያ

ስሜ ምስጋናው ነው። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትሄዱ፣ ከተማው ለመድረስ ጥቂት ሲቀር፣ ከአስፋልቱ በታች ቁልቁል ብትመለከቱ ከላይ እስከ ታች እርከን የተሠራለት ተዳፋት ታያላችሁ። የእኔ ነው። ጎረቤቶቼ «ድንጋይ የሚቆልል እብድ» እያሉ ሲስቁብኝ ብቻዬን ደርድሬ የጨረስሁት ነው። የእነርሱን አፈር ጎርፍ ወስዶት ወንዝ ገብቷል፤ የእኔ ግን እንደ ተቀመጠ አለ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ስሙን መጻፍ ሲችል ተማርሁ ብሎ ተበተነ። እኔ ግን በመንደሩ የሚነበብ ነገር እስኪያልቅ ድረስ አነበብሁ፤ ዳዊቱን፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ። የሬዲዮ የእርሻ ትምህርት አምልጦኝ አያውቅም። በቆርቆሮ የዝናብ መለኪያ ሠርቼ ደጄ ላይ ተክያለሁ። አዲስ የግብርና ሠራተኛ ወደ ቀበሌያችን ሲመደብ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እኔ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለመኩራራት ነው።

በዕድሜዬ የለገመብኝ ማሳ አንድ ብቻ ነበር፤ ላይኛው ማሳ የምለው። ዘመን ከዘመን ገብስ ሲዘራበት ኖሮ አፈሩ ኮምጥጧል። ኖራ ነሰነስሁበት፤ ፍግ አለበስሁት። ባቄላ ብዘራበት በቀለና ቢጫ ሆኖ ከጉልበቴ ሳያልፍ ቀረ። ይህን ጊዜ ልጄ ጌትነት ተነሣብኝ።

«አባባ፣ ይብቃዎት። ይህ ማሳ የሚፈልገው ባህርዛፍ ነው። አንዴ ተክለን እንገላገል።»

ጌትነት ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በዙሪያችን ያለው ሁሉ ባህርዛፍ ተክሎ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል። ችግኙን እንኳ ከጓሮ አፍልቶ ጨርሷል።

«አንድ ክረምት ስጠኝ» አልሁት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፍልሰታ። በፍልሰታ ጾም ቢጫ ሆኖ ካገኘኸው ችግኝህን ይዘህ ውጣ። ጉድጓዱን እኔው እቆፍርልሃለሁ።»

እጅ ለእጅ ተመታታን።

ለልጄ ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበር። ከላይኛው ማሳ ጫፍ ሲቆሙ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ከሰሜን ተራሮች በፊት አንድ ራሰ በራ ሸንተረር ይታያል። ባህርዛፍ ካደገ ያ ሸንተረር አይታይም። እኔ ደግሞ በየማለዳው እርሱን ሳላይ ውዬ አላውቅም።

በዚያ ሸንተረር ላይ አለነ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ቤተ እስራኤል ነው። ማረሻ ይሠራል፣ ባቄላም ይዘራል። ከእኔ ጥቂት ይበልጣል፤ በቀልድ ግን እጅግ ይበልጠኝ ነበር። በዚያን ጊዜ እኛ እነርሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነርሱም እኛ ያበሰልነውን አይቀምሱም። ለዓመታት አብረን ስንሠራ እኔ በእርሱ ቤት፣ እርሱም በእኔ ቤት እህል አልቀመስንም። እሸት ባቄላ ግን እሳት አልነካውም፤ ድስት አልነካውም፤ ቢላም አልነካውም። ስለዚህ በጥቅምት ከእርሻው ካብ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሸት እንፈለፍላለን። በዓለም ላይ አብረን የበላነው ምግብ እርሱ ብቻ ነው።

«ምስጋናው፣ አንተ ስትፈለፍል እኮ ፍሬውን ከነወሬህ ነው የምትበላው» ይለኝ ነበር፣ ብዙ ስለማወራ።

በደርግ መውደቂያ ወገኖቹ ሁሉ ወደ እስራኤል ሲነሡ እርሱም ተነሣ። ባቄላው ገና አበባ ላይ ነበር። «እሸቱን አንተ ብላው» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ብቻዬን ከዚያ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድም ፍሬ አልቀጠፍሁም፤ ደርቆ እዚያው ረገፈ። ሸንተረሩም ለቀበሌው ግጦሽ ሆነ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ተለወጠበት ዓርብ እንምጣ።

በሰኔ አጋማሽ መቅደስ የምትባል የአፈርና የጥራጥሬ ተመራማሪ ላይኛውን ማሳ ለሙከራ መረጠች። ወጣት ናት፤ የጎጃም ልጅ ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። በጥቁር ዱቄት መልክ የተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ በፓኬት ይዛ መጣች። ነገሩን በሬዲዮ ሰምቼው ስለ ነበር ከእርሷ ቀድሜ ለጌትነት አስረዳሁት። አየሩ በናይትሮጅን የተሞላ ነው፤ ሰብል ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይለመልምም፤ ይሁን እንጂ ባቄላ ብቻውን ከአየር ሊወስደው አይችልም። በአፈር ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ሥሩ ውስጥ ገብተው እባጭ ሠርተው ይቀመጣሉ። ባቄላው ከስኳሩ ይመግባቸዋል፤ እነርሱ ናይትሮጅኑን ከአየር እየያዙ ይሰጡታል።

«ጋሼ ምስጋናው፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ?» አለች መቅደስ እየሳቀች።

«አንቺ ፓኬቱን ቅደጅ» አልኋት።

በማለዳ ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰን በጥቁሩ ዱቄት አሸነው፤ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ላይ አሰጣነው። ከዚያ ፈር ለማውጣት ወደ ማሳው ወጣን። አንድ በሬ ነው ያለኝ፤ ከጎረቤቴ በሬ ጋር በተራ አቀናጃለሁ። የዚያ ዓርብ ጠዋትና የሚመጣው ሰኞ ጠዋት የእኔ ተራ ነበሩ።

ዘሩን ልንወስድ ስንመለስ ጥላው ባዶ ነው። ባለቤቴ እናኑ ዘሩን በሙሉ በቁርበት ላይ ዘርግታ፣ አደባባይ አውጥታ፣ ቀትር ፀሐይ ላይ እያገላበጠችው ነው።

«እማማ!» አለች መቅደስ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣትም።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እናኑ። «እርጥብ ዘር ጥላ ውስጥ ጥላችሁ ሄዳችሁ፤ ሻጋታ ሊበላላችሁ ነበር። ከጠዋት ጀምሬ ሳገላብጥላችሁ ወገቤ ተቆረጠ።»

በእኛ አገር ዘር ከመዘራቱ በፊት ፀሐይ ይመታዋል። እናቷም፣ የእናቷም እናት እንዲህ ነው ያደረጉት። እናኑ የሠራችው ደግነት ነው፤ መቅደስም ይህን አውቃ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረቻትም።

«ዱቄቱ ነፍስ አለው፣ እማማ። ፀሐይ ይገድለዋል።»

«ጥላሸት መስሎኝ! ነፍስ እንዳለው ማን ነገረኝ? ይሄ ሰውዬ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ለአገሩ ሁሉ ሲያስተምር ለሚስቱ አይናገርም!»

መቅደስ የቀሩትን ፓኬቶች ለአምባ ጊዮርጊስና ለዳባት ገበሬዎች አድርሳ ጨርሳለች። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደግሞ ዝናቡ ይበረታል፣ ማሳው ይረግረጋል። ጌትነት ወደ ጓሮ ዞሮ ለችግኙ ውኃ ማጠጣት ጀመረ። ያ ከነገር ይልቅ አሳመመኝ።

ደጃችን ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መቅደስ በእንጨት መሬቱን እየጫረች፣ «ድሮ ፓኬት ሳይኖር በፊት» አለች፣ «ጥሩ ባቄላ ከበቀለበት መሬት አፈር ተሸክመው ወደ አዲሱ ማሳ ይወስዱ ነበር። ከአፈሩ ጋር ባክቴሪያው ይሄዳል። ግን አሁን የት እናገኛለን? በዚህ አካባቢ ሁሉም ገብስና ስንዴ ነው።»

ቀና ስል ዓይኔ የሄደው ወደ ሸንተረሩ አቅጣጫ ነው።

«አለ» አልሁ። «ግን ባቄላ ከተዘራበት ሠላሳ ዓመት አልፎታል።»

«ሠላሳ ዓመት!» አለችና አሰበች። «ባቄላ ባይኖር የዱር ጓያ፣ የዱር ምስር ዓይነት ነገር ከበቀለበት ሊቆይ ይችላል። የአንድ ቤት ዘመዶች ናቸው፤ ያው ባክቴሪያ ያገለግላቸዋል። ካላየሁት ግን ምንም አልልም። እኔ ደግሞ ነገ ማለዳ ጎንደር መሄድ አለብኝ። ሰኞ በሬው ሲመጣ አፈሩ እዚህ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ጌትነት ነገም ሆነ እሑድ መቆፈር ይችላል አይደል?»

«አይችልም» አልሁ።

«ለምን?»

«እሑድ የእኛ ሰንበት ነው። ቅዳሜ ደግሞ የአለነ።»

ጌትነት ከጓሮ ሆኖ ሰማኝ። «አባባ፣ ሰውየው እኮ እዚህ የለም!»

«ሰንበቱ አለ» አልሁት። «አለነ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍቶ መዶሻውን ያስቀምጥ ነበር። ያን ምድር ቅዳሜ ዶማ ነክቶት አያውቅም። እኔ በሕይወት ሳለሁም አይነካውም።»

መቅደስ ወደ ፀሐይዋ አየች። ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። «እንግዲያስ ምን ተቀምጠን እንጠብቃለን?» ብላ ተነሣች።

ሁለት አህያ እየነዳን፣ ባዶ ጆንያ ይዘን፣ ሸለቆውን ወርደን ወጣን። ጌትነት ዶማውን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። «ለባህርዛፌ ጉድጓድ መለማመጃ ይሆነኛል» ይላል። በመንገድ የግጦሹን ተቆጣጣሪ አግኝተን አስፈቀድነው። እኔ ከሁሉም ቀድሜ እሄድ ነበር። ጉልበቴ አላመመኝም ብል አትመኑኝ፤ ነገር ግን ከሁሉም ቀድሜያለሁ።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ የቤቶቹ መሠረት በሣር ተሸፍኖ አገኘነው። የጸሎት ቤታቸው ካብ አንድ ጎኑ ቆሟል። የአለነ ምድጃ የነበረበትን በጥቁር አፈሩ ለየሁት። ብዙ ልቆም ፈልጌ ነበር፤ ፀሐይዋ አላስቆመችኝም።

ከቀድሞ እርሻው መሐል በመጀመሪያው ዝናብ የበቀለ የዱር ጓያ ነበር። መቅደስ ተንበርክካ በጥንቃቄ ነቀለች፤ አፈሩን አራገፈች፤ ሥሩን በመዳፏ ዘረጋች። ራቁቱን ነው፤ እባጭ የለውም። ሌላ ነቀለች። እርሱም ባዶ።

«ከብት በጣም ረግጦታል» አለች። «ድንጋያማ ነው፤ ባክቴሪያው ሳይሞት አልቀረም።»

ጌትነት ዶማውን ተደግፎ ቆመ። ፌዙን ትቶታል። «አባባ፣ እንመለስ። ይመሽብናል።»

እኔ ግን አልሰማሁትም። ካቡን እያየሁ ነበር። ጠፍጣፋው ድንጋይ አሁንም እዚያው አለ፤ ሁለት ሰው በሚያስቀምጥ ስፋቱ። ከብት ካቡን ተጠግቶ ስለማይረግጥ ከሥሩ ሣሩ ለምልሟል። አለነና እኔ ገለባውን የምንጥለው፣ የተበላሸውንም ፍሬ የምንተፋው እዚያ ነበር። ኋላም ያልበላሁት እሸት ሲረግፍ ጎርፍ እየገፋ የሰበሰበው ከዚያው ካብ ሥር ነው።

«ከዚህ ንቀይ» አልኋት።

ከሣሩ መሐል ቀጭን ሐረግ አወጣች። ሥሩ ላይ ሰሊጥና የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተንጠልጥለዋል። መቅደስ ትንፋሿን ይዛ አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው።

ውስጡ ቀይ ነው። የሥጋ መልክ አለው።

«ጋሼ ምስጋናው!» ጮኸች። «ሥራ ላይ ናቸው! ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዘ ነው ማለት ነው። ይኸው፣ እዩት! ይህን ሁሉ ዘመን በሕይወት ቆይተዋል!»

በመዳፌ ተቀበልሁት። ስለ አፈር የማላውቀው የለም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ እሳቱ ሲጠፋ፣ እነዚህ ብቻ ባቄላው ይመለሳል ብለው የተቀመጡ መሰለኝ። እኔም እንደ እነርሱ ነበርሁ።

«አባባ፣ ፀሐይዋ!» አለ ጌትነት። ከዚያ በኋላ ከሁላችን በላይ የቆፈረው እርሱ ነው። ከካቡ ሥር ሥር እየተከተለ ዶማውን ሲያሳርፍ፣ እኔ በእጄ ሳፍስ፣ መቅደስ ጆንያውን ስትይዝ፣ አንዱን ሞላን፤ ሌላውን ሞላን፤ ደግመን ሞላን። የፀሐይዋ ጠርዝ ተራራውን ሲነካ አንድ ጆንያ ቀርቶ ነበር።

«በቃ» አልሁ።

«ጋሼ፣ አንዱ ብቻ ነው እኮ!» አለች መቅደስ። «ይህ ካልሞላ ለማሳው ሁሉ አይዳረስም። ትንሽ ብርሃን አለ።»

«አባባ፣ ቶሎ ልሙላት» አለ ጌትነት።

ዶማውን ከእጁ ወሰድሁ። «አለነ ቢኖር አሁን እጁን ታጥቦ ነበር።»

መቅደስ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ባዶውን ጆንያ አጥፋ በብብቷ አደረገችው። «እሺ። አፈር ያልደረሰውን ጥግ እንዲሁ ዝሩት። ለማነጻጸሪያ ይሆነኛል።»

ሰኞ በማለዳ አዲስ ዘር አምጥተን፣ አፈሩን በፈሩ እየነሰነስን ከዘሩ ጋር ቀበርነው። እናኑ ዘሩን ጥላ ውስጥ ስትጠብቅ ዶሮ እንኳ አላስጠጋችም። አፈሩ አላዳርስ ሲል የምሥራቁን ጥግ ያለ አፈር እንዲሁ ዘራነው።

ያ ክረምት አልመሽ፣ አልነጋ አለኝ። በየቀኑ እወጣለሁ፤ ጭጋጉ ሸንተረሩን ሲሸፍነው እበሳጫለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ገርጣ ያለ፣ ደካማ። ጌትነት ችግኙን ማጠጣቱን አልተወም። ፍልሰታ ሲገባ ችግኙን በቅርጫት ይዞ ወጣ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሳልነግረው፣ ቃሌ ነውና ዶማዬን ይዤ ወጣሁ።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ማሳው ተገለጠ። ከዳር እስከ ዳር ባቄላው ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ ሆኗል፤ ወገቤን ነክቷል፤ አበባውን ንብ ወርሮታል። የምሥራቁ ጥግ ብቻ ቢጫ ነው። ድንበሩ በገመድ የተሰመረ ይመስላል።

ጌትነት ቅርጫቱን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየ። ቀስ ብሎ፣ «ያችን ቢጫዋን ጥግስ አይሰጡኝም?» አለኝ።

«እርሷንም አልሰጥህም» አልሁት። ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ባለፈው ዓመት የአለነን ልጅ በስልኩ አፈላልጎ አግኝቷት ነበር። ደወለ። የሴት ድምፅ መለሰ፤ ቆይቶ በስልኩ መስኮት ላይ ነጭ ጢም፣ ነጭ ኮፍያ ያለው ሽማግሌ ታየ።

«ማን ነው ይሄ ሽማግሌ?» አለ አለነ።

«አንተ ራስህን በመስታወት አላየህም?» አልሁት።

ማሳውን አሳየሁት፤ ነገሩን ከነሥሩ ነገርሁት። ስለ ባክቴሪያው ሳብራራለት «ወሬህ አልቀነሰም» አለኝ። ቢጫዋን ጥግ ሲያይ፣ «እርሷ ምን ሆና ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አፈር አልደረሳትም። ዓርብ ነበር፤ ፀሐይ ጠለቀችብን። አንድ ጆንያ ባዶውን ቀረ።»

ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ጥጓን አየ። ልጁ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ በእጁ ተዪኝ አላት።

«ድንጋዩ አለ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አለ።»

«ሲያሸት ደውልልኝ። እኔ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ ሆነን እንፈልፍል።»

ጥቅምት መጣ፤ ባቄላው አሸተ። የስልክ ኔትወርክ ግን በአካባቢው ሁሉ ተዘጋ። ጌትነት ደባርቅ ድረስ ሄዶ ሞከረ፤ አልሆነም። እሸቱ ደግሞ አይጠብቅም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከዚያ ዓርብ በፊት መጠበቅ ማለት ቁጭ ብሎ ማየት ይመስለኝ ነበር። በየማለዳው ሸንተረር ማየት። አሁን ግን የሄደ ሰው ካላችሁ፣ የእርሱን ነገር በእጃችሁ ያዙት እላችኋለሁ፤ ሰንበቱን ጠብቁለት፣ አፈሩን አንሡለት። ናፍቆቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። ነገር ግን ባዶ እጅ አይሆንም።

እኔ ምስጋናው የሠራሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ላይኛውን ማሳ ከባህርዛፍ አዳንሁ። ባቄላ ሲደርስ ከነሥሩ መንቀልን ትቼ በማጭድ ማጨድ ጀመርሁ፤ ሥሩ ከነእባጩ ለአፈሩ እንዲቀር። ጎረቤቶቼንም ይህንኑ አስተማርኋቸው፤ አሁን ከእኔ ማሳ አፈር ለምነው የሚወስዱ አሉ፤ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ማለዳ ግን አላስነካም። ለሚስቴ ዱቄቱ ነፍስ እንዳለው አስረዳሁ፤ አሁን ከእኔ በላይ አስተማሪ ሆናለች። ልጄን ያለ ጭቅጭቅ አሸነፍሁት። ሸንተረሩን እስከ ዛሬ በየማለዳው አየዋለሁ። በጥቅምትም እሸት ባቄላ በነጠላ ቋጥሬ፣ ብቻዬን ሸለቆውን ወርጄ ወጣሁ፤ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ግማሹን ፈልፍዬ በላሁ፤ ግማሹንም ከነገለባው በስተ ግራዬ፣ በእርሱ ቦታ ላይ አስቀምጬ ወረድሁ።